ማር በድሬና በሐረር ቤት፦ ለማን፣ ስንት ማንኪያ፣ ለየትኛው ሕመም

ማር ለሳል ይሰጣል፤ ለጨጓራ ይሰጣል፤ ስኳር ላለበት ሰው ሳይቀር «ይሄ እኮ የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ይሰጣል፤ ገና በተወለደ ጨቅላ አፍ ውስጥም በጣት ጫፍ ይገባል። የመጀመሪያው በጥናት የተደገፈ ነው። ሁለተኛው በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም። ሦስተኛው ያሳስታል። አራተኛው ሊገድል ይችላል። አራቱም ግን በአንድ ቤት፣ ከአንድ ዕቃ፣ በአንድ እጅ፣ በዚያው ቅን ልብ ይሰጣሉ፤ ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ማር ጥሩ ምግብ ነው። በጥቂት ቦታ ደግሞ በእርግጥ መድኃኒት ነው። ቦታውን ለይቶ ለሚያውቅ ቤተሰብ ትልቅ ሀብት ነው። ቅደም ተከተሉን ያዘጋጀሁት ድሬዳዋና ሐረር ላሉ ሰዎች ነው፤ የሁለቱ ከተሞች አየር፣ ገበያና ልማድ በማር አገዛዝም ሆነ አቀማመጥ ላይ ለውጥ ያመጣልና።

ደረጃ 1፦ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዕድሜ ይጠይቁ

ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። በጣት ጫፍ ቢሆን፣ በጡጦ ጫፍ ቢቀባ፣ በውኃ ቢበጠበጥ፣ አጥሚት ውስጥ ቢገባ፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ቢለወስ፣ ብርዝ ቢሆን ያው ነው። አይሰጥም።

ምክንያቱን ማወቅ ለሌላ ሰው ለማስረዳት ይረዳል። አፈርና አቧራ ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ልባስ ለብሶ ይተኛል፤ በዚያ መልኩ ስፖር ይባላል። ስፖሩ ከንቧ ጋር ቀፎ ውስጥ ገብቶ ማሩ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። አናቢው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ማሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ በዓይን አይታይም፣ ጣዕምም አይለውጥም። ትልቅ ሰው ሲውጠው አንጀቱ ውስጥ የሰፈሩት ሌሎች ተሕዋስያን ቦታ ስለማይሰጡት ሳይበቅል ያልፋል። የጨቅላ አንጀት ግን ያ መከላከያ ገና አልተሟላለትም፤ ስፖሩ እዚያው ይነቃና ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። በሽታው የሕፃናት ቦቱሊዝም ይባላል። በሕክምና ራሱን ችሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ አያቶቻችን ስለ እርሱ ያልነገሩን ስላላወቁት ነው።

«አፍልቼ ብሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። አይሆንም። ስፖሩን ለመግደል 121 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ በግፊት የታገዘ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የታሸገ ምግብ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ እዚያ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ድሬዳዋም ቢሆን ወደ 96 ነው። በምድጃ ላይ የፈላ ማር ስፖሩን እንደያዘ ይቀራል።

ሕፃኑ ማር ቀምሶ ከሆነ እነዚህን ይከታተሉ፦ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የሆድ ድርቀት ነው። ከዚያ ለቅሶው ይሰልላል፤ ጡት የመሳብ ጉልበት ያጣል፤ የዓይኑ ቆብ ወደታች ይወርዳል፤ አንገቱ አልቆም ይላል፤ ሰውነቱ ይዝላል። መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። ምልክቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ይታያል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ድሬዳዋ ላይ ድልጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም የሚቀርብዎት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ መጀመሪያ የሚነግሩትም «ልጁ ማር ቀምሷል» የሚለውን ይሁን። ሐኪሙ ካልተነገረው በሽታው ቶሎ አይጠረጠርም። እፍረት ይዟችሁ ይህን እንዳትደብቁ እለምናችኋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። በሁለቱም ከተሞች ሕፃን ሲወለድ ጣፋጭ ነገር ላንቃውን ማስነካት የቆየ ልማድ ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ተሕኒክ ይደረጋል፤ ዋናው በተምር ነው፤ ተምር ሲጠፋ ግን ማር የሚተካበት ቤት አለ። በሌላውም ቤት ቅቤና ማር የምታቀምስ አያት አትጠፋም። ልማዱ የፍቅር ነውና በቁጣ አይመለስም። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት፣ ቤቱ ሳይጨናነቅ፣ አማትዎን ወይም እናትዎን ቁጭ ብለው ያነጋግሩ። «እማማ፣ ማሩን እርስዎ ይያዙልኝ፤ አንድ ዓመት የሞላው ዕለት መጀመሪያ የሚያቀምሱት እርስዎ ነዎት» ማለት «አይቻልም!» ከማለት ይልቅ ይሠራል። የአያትነት ክብሯ ሳይነካ ልጁ ይጠበቃል። ተሕኒክን በሚመለከት ከአዋላጇና ከሚያምኑት ዓሊም ጋር ቀድመው ይመካከሩ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ማር መብላት ትችላለች። ስፖሩ በእሷ አንጀት ውስጥ አይበቅልም፤ በጡት ወተትም ወደ ልጁ አያልፍም። የአራስ ገንፎ በማር መቅረት የለበትም፤ ማንኪያው ወደ ጨቅላው አፍ እንዳይዞር ብቻ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 2፦ ገበያ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀፊራ ወይም ሸዋ በር የሚሸጠው ማር ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከጋራ ሙለታና ከጨርጨር ደጋ የሚወርድ አለ፤ ከሩቅ በነጋዴ የሚመጣም አለ። ነጩም፣ ቢጫውም፣ ቡናማውም እውነተኛ ማር ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙን የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። ጠቆር ያለው ማር በአብዛኛው ኦክሳይድ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች በርከት ይሉበታል፤ ዓመት ላለፋቸው ልጆች አፍ ግን ነጣ ያለው ይቀላል። እኔ ብሆን በቀለም አልጨነቅም።

የምጨነቀው በእነዚህ ነው፦ መቼ ተቆረጠ? ከየት አካባቢ? የተጣራው በጨርቅ ነው ወይስ እሳት ላይ ተጥዶ? በብዙ የአገራችን ክፍል ዋናው የማር ቆረጣ ከክረምት አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ የሚገዛ ሰው ትኩስ ማር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሻጩ ለሦስቱም መልስ ካለው፣ ባይኖረውም «ነገ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ካለ፣ ደንበኛ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። አንድ ታማኝ ሻጭ ከሁሉም የቤት ውስጥ ሙከራ ይበልጣል።

ስለ ሙከራዎቹ በግልጽ ልናገር። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር የሚለካው የውኃውን መጠን እንጂ የማሩን እውነተኛነት አይደለም፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ውስጥ የተነከረ ክብሪትም ይነዳል። ውኃ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ውፍረቱን ብቻ ይነግረናል፤ በደንብ የተነጠረ ሽሮፕ እንደ ማር ወደ ታች ይሰምጣል። «ጉንዳን እውነተኛ ማር አይነካም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጉንዳን የቀፎ ጠላት መሆኑን ማንኛውም ንብ አናቢ ያውቃል። ማር በስኳር መቀላቀሉን በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፤ እዚያም ቢሆን ቀላል ምርመራ አይደለም።

በዓይንና በአፍንጫ ልናውቅ የምንችለው ሌላ ነገር ነው፤ ማሩ መበላሸት አለመበላሸቱን። ከላይ አረፋ የደፈቀ፣ ጠጅ ጠጅ ወይም ኮምጣጤ የሚሸት፣ ክዳኑ ሲከፈት «ጭስስ» የሚል፣ ላዩ እንደ ውኃ የቀጠነ ማር ሳይበስል የተቆረጠ ወይም ውኃ የገባበት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው የውኃ መጠን እስከ 20 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ይነሣል። እንዲህ ያለው ለጠጅ ጣይ ይሆን ይሆናል፣ ለቤት አይገዛም።

ረግቶ የጠጠረ ማር ሲያዩ ደግሞ «ስኳር ገብቶበታል» ብለው ሻጩን አይውቀሱ። ማር ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ስኳር አንዱ ግሉኮስ ነው፤ እሱ በጊዜ ብዛት ከውኃው ተለይቶ ይጠጥራል። ግሉኮሱ የበዛ ማር በሳምንታት ውስጥ ይረጋል፣ ሌላው ዓመት ሊቆይ ይችላል። መርጋት የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው ጥሩውን ማር ጥሎ እሳት ላይ የቀጠነውን የሚገዛው በዚህ ስሕተት ነው።

በሃይላንድ የተሞላ ማር ሲገዙ ጠርሙሱ ምን እንደነበረበት ይጠይቁ፤ ከተቻለ የራስዎን ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። የጋዝ ወይም የጸረ ተባይ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለማር አይሆንም። የታሸገ ከሆነ የአምራቹ ስም፣ አድራሻና የተመረተበት ቀን ያለበትን ይምረጡ። በአካባቢያችን ጫትና አትክልት ላይ ጸረ ተባይ ይረጫል፤ ከርጭት ራቅ ካለ ደጋ የመጣ ማር ካገኙ ይመረጣል። በመጨረሻም፣ ሲቀምሱት ጉሮሮ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ማር ካጋጠመዎት አይግዙት። ንቦች ቁልቋል በሚበዛበት ቦታ ሲቀስሙ እንዲህ ያለ ማር ይሠራሉ።

ደረጃ 3፦ ድሬ ሙቀት፣ ሐረር ቅዝቃዜ

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንገጎ ዳገት ሲወጡ ግን አየሩ ይለወጣል፤ ማሩም አብሮ ይለወጣል። ማር ቶሎ የሚረጋው ወደ 14 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው፤ የሐረር ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው። ስለዚህ ለሁለት እኅትማማቾች የተከፈለ አንድ ማር ድሬ ፈሶ፣ ሐረር ጠጥሮ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ከዚያም በላይ ይሞቃል። ሙቀት ማሩን መርዝ አያደርገውም፤ ለጤና ይጠቅማሉ የምንላቸውን ኢንዛይሞች ግን ቀስ በቀስ ይገድላል፤ መዓዛውን ይወስዳል፤ ቀለሙን ያጠቁራል። ላቦራቶሪዎች ይህን የሚለኩት ኤችኤምኤፍ በሚባል ውሕድ ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ለሌላው ማር በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ሚሊ ግራም ድረስ የሚፈቅደው ሙቀት የሚያደርሰውን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ድሬ ላይ ማር የሚቀመጠው ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ ርቆ፣ ጨለማ በሆነ የታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቢቻል ወለል አጠገብ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ከመግዛት ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃውን መግዛት ይሻላል።

ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት፤ የተላሰ ማንኪያማ ጭራሽ።

የረጋውን ለማፍሰስ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ውኃው እጅዎን ነክረው ያለ ሥቃይ የሚያቆዩበት ያህል፣ 40 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። እሳት ላይ አይጣድ። ወይም ደግሞ እንዳለ ይብሉት፤ የረጋ ማር ዳቦ ላይ ለመቀባት ከፈሳሹ ይመቻል።

ደረጃ 4፦ በማንኪያ ይለኩ

ማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ቀሪው በአብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ ማዕድናቱና ቪታሚኖቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። «ማር ቪታሚን ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 17 ግራም ስኳርና 64 ካሎሪ አለው። የሻይ ማንኪያው የዚህ ሲሶ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን እንደ ስኳር ነው የሚቆጥረው። ከምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና ሽሮፕ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም ይገልጻል። 5 በመቶው ለትልቅ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው።

ይህን በፈጢራ እናስላው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር የፈሰሰበት ፈጢራ 34 ግራም ስኳር ይዟል። አጠገቡ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ሲጨመር ቁርሱ ብቻ የቀኑን መጠን አልፎ ሄዷል። ፈጢራውን ተዉ አልልም፤ ድሬ ተወልዶ ፈጢራ በማር ያልወደደ ሰው አላውቅም። «ማሩን ለብቻ በትንሽ ሳህን» ብለው ይዘዙ፣ እየጠቀሱ ይብሉ፣ ሻይውን ያለ ስኳር ይጠጡ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማር የሚጠቅመው ስኳርን ሲተካ ነው፤ በስኳር ላይ ሲደረብ አይደለም። ብርዝም እዚህ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ በብርጭቆ ስለሚጠጣ ስንት ማንኪያ ማር እንደገባበት ይረሳል።

ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ስለሆነ ከበሉ በኋላ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። ለአበባ ብናኝ ወይም ለንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ሰው መጀመሪያ በጣም ጥቂት ይቅመስ፤ ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ጋር መሮጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ለሳል

ማር እንደ መድኃኒት በደንብ የሚመሰክርበት ቦታ ይህ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ያሉ፣ ጉንፋን ይዟቸው የሚያስሉ ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከመኝታ በፊት የተሰጠ ማር የሌሊት ሳልን አቅልሏል፤ ልጁም ወላጁም የተሻለ ተኝተዋል። የእንግሊዝ የጤና ተቋማትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መመሪያ፣ በራሱ ጊዜ ለሚለቅ ሳል ሰዎች ወደ አንቲባዮቲክ ከመሮጣቸው በፊት ማርን እንዲሞክሩ መክረዋል። እኛ ደግሞ ሳል በተነሣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተን የምንመጣ ሰዎች ነን፤ ብዙው ሳል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ከ6 እስከ 11 ዓመት አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከ12 ዓመት ጀምሮ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት ይሰጥ። እንዳለ ቢላስ ጉሮሮውን ይሸፍናል፤ እምቢ ካለ ለብ ባለ ውኃ ወይም በቀጭን ሻይ ይበጥብጡለት። የሚፈላ ውኃ ላይ አይጨምሩ፤ መጀመሪያ ለመጠጣት እስኪመች ይብረድ፣ ከዚያ ማሩ ይግባ። ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይውሰድ።

ሎሚና ዝንጅብል ለትልቅ ሰው ቢጨመሩ ይስማማሉ። ለትንሽ ልጅ ዝንጅብሉ ያቃጥለዋል፣ ይቅር። ጥቁር አዝሙድ በማር በሐረር ቤት ሁሉ አለ፤ በምግብ መጠን ለአዋቂ ችግር የለውም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በየቀኑ ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ጥቁር አዝሙድ ራሱ ስኳርንና ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ይችላልና በመድኃኒቱ ላይ ሲደረብ ከመጠን ያልፋል።

ማር የማይጠበቅበት ሳልም አለ። ልጁ በእርጋታ ላይ እያለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቁጠሩ፦ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ የሚያፍነው፣ መጠጣት ያቃተው ልጅ በዚያው ሌሊት ጤና ተቋም ይድረስ። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ደግሞ ትንሽም ይሁን ትልቅ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው

«ማር ስኳር አያወጣም» ብለው ለአባታቸው በየጠዋቱ የሚሰጡ ልጆች አሉ። ማር የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከተራ ስኳር ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን በማንኪያ ብዛት በቀላሉ ይጠፋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ክኒን የሚውጥ ሰው ማር ቢበላ በምግብ ዕቅዱ ውስጥ እንደ ስኳር ተቆጥሮ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። የስኳር መለኪያ ካለ ነገሩን ራሱ ያሳያችኋል፦ ከመብላቱ በፊት ይለኩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይድገሙት፣ ቁጥሩን ለአባታችሁ አሳዩት። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ማር ለስኳር ሕመምተኛ የሚደርስለት ሰዓት ስኳሩ የወረደ ጊዜ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን ሲመጣና መለኪያው ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ሲያሳይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይዋጥ፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይለካ፤ ካልተነሣ ይደገም። ከተነሣ በኋላ ምግብ ይብላ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ያንቀዋል። ወደ ጎኑ አስተኝቶ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

በረመዳን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ይህን አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር ይስማማበት። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ አዛን ሊባል ጥቂት ደቂቃ ቢቀርም፣ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፤ የሕክምና መመሪያው የሚለው ይህንን ነው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ የማር ዕቃ ከመለኪያው ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ ቁስልና ቃጠሎ

ማር ቁስል ላይ የሚሠራ መሆኑ ተረት አይደለም። አሲድነት አለው፤ ስኳሩ ከባክቴሪያው ላይ ውኃ ይመጥጣል፤ ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ደግሞ ማሩ ሲቀጥን ጥቂት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። በተለይ ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ በማር ሲታከም ከአንዳንድ የተለመዱ መሸፈኛዎች ቀድሞ እንደሚድን ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት በጨረር ተጣርቶ ስፖሩ የተገደለበት፣ ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀ ማር ነው። ከቀፊራ የመጣው ማር አቧራውንም፣ ስፖሩንም፣ የንብ እግሩንም ይዟል፤ ክፍት ቁስል ላይ፣ ይልቁንም ጥልቅ ቁስል ላይ አይደረግም።

ውኃ ወይም ዘይት ያቃጠለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማር አይደለም፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም። ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ ሐኪም። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ትንሽ ቢመስልም በቤት አይሞከርም፤ በማር ሲጠበቅ የሚባክነው ሳምንት እግር ያስቆርጣል።

ደረጃ 8፦ ጨጓራና ትኩሳት

ለጨጓራ ሕመም ማር በባዶ ሆድ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ማር የጨጓራን ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሊገታ ችሏል፤ በሰው ሆድ ውስጥ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። የሚያስታግሰው ሰው ካለ ይውሰድ፤ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ግን መካከል ላይ አያቋርጥ። ማር ሲበላ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠውም አለ፤ ፍሩክቶሱ የማይስማማው ሰው ነውና ይቀንስ።

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲይዝ «ማርና ሎሚ ጠጥቼ ልተኛ» ማለት ያስፈራኛል። በኢትዮጵያ የደንጊ ወረርሽኝ መጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚችው ከተማ ነው፤ በ2019 ቺኩንጉንያ ብዙ ሰው አስተኝቷል፤ በ2022 ደግሞ ከተማ ውስጥ በሚራባ አዲስ የወባ ትንኝ ምክንያት ወባ ተነሥቷል። ሦስቱም በትኩሳትና በቁርጥማት ይጀምራሉ፤ ሦስቱንም ማር አይነካቸውም። ትኩሳት እንደያዘዎት በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርጉ። ደንጊ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ማስመለስ ከበዛ፣ ትኩሳቱ ወርዶ ሰውየው ይበልጥ ከደከመ ሳይዘገይ ሆስፒታል ይግባ።

ጎን ለጎን ብዙ ፈሳሽ ይጠጣ፤ ትንሽ ማር የገባበት ውኃም ከፈሳሹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ካለ ግን ኦአርኤስ ነው የሚበጠበጠው፤ ማርም ሆነ ስኳር ሳይጨመርበት፣ እሽጉ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን።